ከፓቱላ ፍሬ እስከ ጠረጴዛ ልብስ፦ የተፈጥሮን ጥለት አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ በእጅ ሥራ ላይ የማዋል መመሪያ

የተፈጥሮን መልክ በእጅ ሥራው ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አንድ ያማረ አበባ ወይም ቅጠል መርጦ ቅርጹን እንዳለ በጨርቅ ላይ በመገልበጥ ነው። ውጤቱ ሥዕል ይሆናል እንጂ ጥለት አይሆንም። ጥለት አንድ አነስተኛ ቅርጽ በታወቀ ርቀትና በታወቀ ደንብ እየተደጋገመ ሲሄድ የሚፈጠር መልክ ስለሆነ፣ ከተፈጥሮ መወሰድ ያለበት የአበባው መልክ ሳይሆን ቅርጹ የሚደጋገምበት ደንብ ነው። ይህ መመሪያ ደንቡን ከዕፅዋት ላይ ማየትን፣ በስልክ ካሜራ መያዝን፣ በወረቀት ላይ መለየትንና በመጨረሻም በጥልፍ ወይም በስፌት ሥራ ላይ ማዋልን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ለማሳያ የተመረጠው የፓቱላ ዛፍ ፍሬ ነው። ፓቱላ የፓይን ዛፍ ዓይነት ሲሆን በደጋው አካባቢ በተከላ ደን ስለሚለማ ፍሬው ከዛፉ ሥር ወድቆ ይገኛል። ፍሬው የተመረጠበት ዋናው ምክንያት ግን ከጎን ሲታይ አንድ፣ ከግርጌው ሲታይ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ጥለት ስለሚሰጥ ነው፤ የመጀመሪያው ለጨርቅ፣ ሁለተኛው ለመሶብና ለሰፌድ ይስማማል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ካሜራ ያለው ስልክ፣ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ባለ ካሬ ወረቀት፣ መቀስ፣ ማጣበቂያ ፕላስተርና አንዲት ትንሽ መስታወት ለንድፉ ሥራ ይበቃሉ። ለጥልፉ ደግሞ ድርና ማጉ በግልጽ የሚቆጠር የጥጥ ጨርቅ፣ ጫፉ ያልሾለ መርፌና የጥልፍ ክር ያዘጋጁ። አቡጀዲ ለነጻ እጅ ጥልፍ ጥሩ ቢሆንም ክሩ ደቃቅ በመሆኑ ለሚቆጠር ጥልፍ ዓይን ያደክማል፤ ለጀማሪ አይመከርም።

1. ጥለቱን መፈለግ

በተፈጥሮ ውስጥ የሚታዩ ጥለቶች ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቢመስሉም ለእጅ ሥራ የሚጠቅሙት በጥቂት ቤተሰብ ይጠቃለላሉ። ጠመዝማዛው በፓቱላ ፍሬ፣ በፈረንጅ ሱፍ አበባ እምብርትና በሰሜንና በባሌ ተራሮች በሚበቅለው የጅብራ ቅጠል አቀማመጥ ላይ ይታያል። ቅርንጫፋማው በጎመን ቅጠል ሥሮችና ውኃ ተንዶልዱሎ ባለፈበት አሸዋ ላይ ይገኛል። ባለ ብዙ ጎኑ መረብ የማር እንጀራ፣ የደረቀ ጭቃና የኤሊ ጀርባ ነው። ሸንተረሩና ነጠብጣቡ ደግሞ የሜዳ አህያ ቆዳና የጅግራ ላባ ነው።

እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ማወቅ የትኛውን መስመር መያዝ የትኛውን መተው እንደሚገባ ለመወሰን ይረዳል። የማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን የሆነው እኩል ስፋት ያላቸውን ክፍሎች በትንሹ የግድግዳ ርዝመት ለመክፈል ከዚህ የተሻለ ቅርጽ ስለሌለ ነው፤ ይህንንም ቶማስ ሄልስ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 አረጋግጧል። ጭቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰነጠቅ አዲሱ ስንጥቅ ከነባሩ ጋር ወደ 90 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ይገናኛል፤ እየራሰና እየደረቀ ብዙ ጊዜ ሲመላለስ ግን ሦስት ስንጥቆች በ120 ዲግሪ ወደሚገናኙበት መልክ ይጠጋል። ስለዚህ ከደረቀ ኩሬ የሚነሣ ፎቶ ጭቃው አዲስ ወይም ነባር እንደ መሆኑ የተለያየ ጥለት ይሰጣል። የእንስሳትን ሸንተረርና ነጠብጣብ በተመለከተ የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጽሑፍ፣ በተለያየ ፍጥነት የሚሰራጩ ሁለት ንጥረ ነገሮች እርስ በርሳቸው ሲተጋገዙና ሲገታቱ ወጥ ከነበረው ነገር ላይ ተደጋጋሚ መልክ ሊወጣ እንደሚችል በሒሳብ አሳይቷል።

ወደ ማሳያችን እንመለስ። የፓቱላው ፍሬ በእድገቱ ጊዜ እያንዳንዱን አዲስ ቅርፊት ከቀዳሚው በግምት 137.5 ዲግሪ እያዞረ ያስቀምጣል። ከዚህ የተነሣ ቅርፊቶቹ በሁለት አቅጣጫ የሚሄዱና የሚጠላለፉ ጠመዝማዛ ረድፎችን ይሠራሉ። ፍሬውን ገልብጠው የግንድ መያዣው የነበረበትን ግርጌ ወደ ላይ አድርገው ረድፎቹን ይቁጠሩ፤ ብዙውን ጊዜ በአንዱ አቅጣጫ 8፣ በሌላው 13 ይሆናሉ፤ አንዳንዴም 5 እና 8 ይገኛሉ። የሚቆጥሩበትን የመጀመሪያ ረድፍ በኖራ ወይም በቀለም ነጥብ ካላመለከቱ ቁጥሩ ይምታታል።

ፍሬው ደርቆ ከተከፈተ ቅርፊቶቹ ስለሚንጨባረሩ ጥለቱ አይታይም። እንዲህ ሲሆን ጥቂት ሰዓት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ የቅርፊቱ የውጭ ንጣፍ እርጥበት ሲያገኝ ከውስጠኛው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይዘጋል። ከብሔራዊ ፓርክ ግን ቅጠልም ሆነ ፍሬ ይዞ መውጣት ተገቢ አይደለም፤ ጅብራን በፎቶ ብቻ ይያዙ።

አንድ ነገር ጥለት ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፦ ተመሳሳዩን ቅርጽ በአንድ መስመር ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በመካከላቸውም ተቀራራቢ ርቀት ካገኙ ጥለት አለ። ሁለት ብቻ ከሆነ ገና ደንቡ አልታየም።

2. ፎቶ ማንሣት

ይህ ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይደለም፤ የሚለካ ነው። ስለዚህ ለውበት ሲባል ከጎን ዘወር ብሎ ማንሣት፣ ጀርባውን ማደብዘዝ ወይም ቀለሙን በማጣሪያ ማድመቅ እዚህ ቦታ የለውም። የጀርመኑ ካርል ብሎስፌልት በበርሊን የእጅ ጥበብ ተማሪዎችን ሲያስተምር ራሱ በሠራው ካሜራ የዕፅዋትን ክፍሎች አጉልቶ ያነሣ የነበረው በዚሁ መንፈስ ነው፤ ወጥ የሆነ መደብ፣ ለስላሳ ብርሃን፣ ፊት ለፊት የሚያይ ካሜራ። ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1928 ታትመው በሥነ ጥበብ ዓለም ዝነኛ ቢሆኑም የተነሡት በመጀመሪያ ለማስተማሪያ ነበር።

ፍሬውን በነጭ ወረቀት ላይ አጋድመው በመስኮት አጠገብ ያስቀምጡ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ሲመጣ የእያንዳንዱ ቅርፊት ጠርዝ ቀጭን ጥላ ስለሚጥል ቅርጹ ይለያል፤ በተቃራኒው ጎን ሌላ ነጭ ወረቀት ቢያቆሙ ጥላው ድብን ብሎ አይጠቁርም። የስልኩን ፍላሽ ያጥፉ፤ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ስለሚገድለው ቅርፊቶቹ ተደፍጥጠው ይታያሉ። ከቤት ውጭ ለሚያነሣ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ጋደል ያለ ፀሐይ ለሸካራ ገጽታ ጥሩ ነው። ለሚያንጸባርቅ ቅጠል ደግሞ ደመና የሸፈነው የክረምት ቀን ይሻላል።

ከዚያም ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው በካሜራው ላይ ያለውን የካሬ መስመር ያብሩ። ስልኩን ከፍሬው ጋር ትይዩ አድርገው ይያዙ፤ ስልኩ ትንሽ እንኳ ካዘነበለ በአንዱ ጫፍ ያለው ቅርጽ ይሰፋና በሌላው ይጠብባል፤ ይህ ስሕተት በወረቀት ላይ ተከትሎ ይመጣል። ምስሉ እስኪደበዝዝ ድረስ ይቅረቡና ጥራት እስኪያገኝ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሱ። በጣት አስፍቶ ማቅረብ የምስሉን ጥራት ስለሚቀንስ ከፎቶው በኋላ ቆርጦ ማስተካከል ይበልጣል። እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ስልኩን በተደራረቡ መጻሕፍት ጠርዝ ላይ አሳርፈው የሰዓት ቆጣሪውን በ3 ሰከንድ ይሙሉት። ማስመሪያውን ከፍሬው ጎን ማስቀመጥ አይርሱ፤ ኋላ የቅርፊቱን ትክክለኛ መጠን የሚነግርዎ እሱ ነው።

ፍሬው ድቡልቡል በመሆኑ ከመሃል ወደ ጠርዝ ሲሄዱ ቅርፊቶቹ በፎቶው ላይ እየጠበቡ ይታያሉ፤ ለልኬት የሚታመኑት በመካከል ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ረድፎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከቦታው ሳያነሡ ሩብ ዙር እያዞሩ አራት ጊዜ ያንሡ። በመጨረሻም ግርጌውን ወደ ላይ አድርገው፣ እምብርቱ በትክክል በፎቶው መካከል ላይ እንዲውል አንድ ጊዜ ያንሡ።

ፎቶዎቹን ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩና የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት ይጨምሩ። ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ በቀለም ሲታይ ደምቆ የሚለይ ጥለት በጥቁርና ነጭ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ ይጠፋል። የጠፋ ከሆነ ብርሃኑን ቀይረው እንደገና ያንሡ።

3. ክፍሉንና ደንቡን መለየት

ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚፈልገው እርምጃ ነው፤ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ ኋላ በጨርቅ ላይ የሚታየው መዛባትም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ከጎን የተነሣውን ፎቶ በኤ4 ወረቀት ላይ ያትሙና በመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈው ሌላ ወረቀት ይደርቡበት፤ የውጭው ብርሃን ምስሉን አሳልፎ ያሳያል። አሁን ቅርፊቶቹን አይሣሉ። በእያንዳንዱ ቅርፊት ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ ብቻ ይምረጡ፤ በፓቱላ ፍሬ ላይ ለዚህ የምትመቸው በቅርፊቱ መካከል ያለችው ትንሽ እብጠት ናት። እብጠቶቹን ሁሉ በነጥብ ምልክት ያድርጉና ነጥቦቹን በማስመሪያ ያገናኙ። በሁለት አቅጣጫ አጋድመው የሚሄዱ መስመሮች ይወጣሉ፤ መስመሮቹ ሲቋረጡ ዳይመንድ ቅርጽ ያላቸው ክፍሎች ይፈጠራሉ። ደንቡ ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ረድፍ ከታችኛው በግማሽ ክፍል ተንሸራቶ ይቀመጣል። የቅርፊቱ ጠርዝ መሻከር፣ ሙጫው፣ የተሰበረው ጫፍ ሁሉ ከዚህ በኋላ አያስፈልግም።

ለዓይን እንጂ ለማስመሪያ የማይገዛ ነገር፣ ለምሳሌ የጎመን ቅጠል ሥር፣ ወደ ጥለት የሚለወጠው በሌላ መንገድ ነው። ቅርጹን በካሬ ወረቀት መሃል ላይ፣ ጠርዞቹን ሳይነኩ ይሣሉ። ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች በመሃል ቆርጠው የግራውን ግማሽ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርገው ያጣብቁት፤ ቀጥሎም ከግራ ወደ ቀኝ በመሃል ቆርጠው ላይኛውንና ታችኛውን ያለዋውጡ። አሁን በመሃል ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ እሱን የሚሞላ ሥዕል ይጨምሩ፤ ጠርዞቹን ግን አይንኩ። ይህ ወረቀት እየተባዛ ጎን ለጎን ቢቀመጥ መጋጠሚያው አይታይም።

ጥለቱ የሚሠራው ለጠርዝ ከሆነ፣ ማለትም እንደ ነጠላ ጥበብ በአንድ መስመር የሚሄድ ከሆነ፣ ምርጫው ከሚታሰበው በላይ ውስን ነው። አንድ ቅርጽ በአንድ አቅጣጫ የሚደጋገምባቸው መንገዶች በሒሳብ ሰባት ብቻ ናቸው፤ ገጽን በሙሉ ለመሸፈን ግን አሥራ ሰባት መንገዶች አሉ፤ ይህንን ሩሲያዊው ፌዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1891 አረጋግጧል። ሰባቱን መሸምደድ አያስፈልግም። ትንሿን መስታወት በቅርጹ ጎን አቁመው ይመልከቱ፤ ቀጥሎ በላዩ፤ ከዚያ ወረቀቱን ግማሽ ዙር ያዙሩት፤ በመጨረሻም በጭቃ ላይ እንደ ታተመ የሰው ዱካ ግራ ቀኝ እያፈራረቁ ወደ ፊት ያስኪዱት። የብራና ጸሐፍት በገጽ አናት ላይ በሚሥሉት ሐረግ ውስጥ ከእነዚህ አካሄዶች አንዳንዶቹን በግልጽ ማየት ይቻላል። ዳይመንዱ ከላይም ከጎንም ሲታይ እኩል ስለሆነ በማንኛውም መንገድ ቢያስኬዱት አይለወጥም፤ ለጀማሪ የሚመቸውም ለዚሁ ነው።

4. ወደ ካሬ ወረቀት ማዛወር

በሚቆጠር ጥልፍም ሆነ በሽመና ሥራ ክብ መስመር የለም፤ ያለው ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መስመር ነው። ስለዚህ የዳይመንዱን ጎን ለመሥራት ሁለት ካሬ ወደ ጎን፣ አንድ ካሬ ወደ ላይ እየሄዱ ይሙሉ። ስድስት ጊዜ ሲደጋግሙት 12 ካሬ ወደ ጎንና 6 ካሬ ወደ ላይ ይሄዳል፤ በዚህ ሒሳብ ሙሉው ዳይመንድ 24 ካሬ ስፋትና 12 ካሬ ቁመት ይኖረዋል። የመሃሏን እብጠት በአራት ካሬ፣ ማለትም ሁለት በሁለት አድርገው ያመልክቱ። ከፎቶው ጋር ሲያስተያዩት ቅርፊቱ ከዚህ ይበልጥ ቆሞ ከታየዎት አንድ በአንድ እየወጡ ማቆም ይቻላል፤ ግን ጥለቱ ይከብዳል። እኔ ጋደል ያለውን እመርጣለሁ።

አሁን ከጨርቁ ጋር ማስማማት ይቀራል። ጨርቁን አስቀድመው አጥበው ይተኩሱት፤ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመታጠቡ በፊት የተወሰደ ልክ አይታመንም። ከዚያ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ካሬ (በጨርቁ ላይ አንድ የተጠላለፈ ስፌት የሚያርፍበት ቦታ) እንደሚወጣ በመርፌ ጫፍ ይቁጠሩ፤ በአግድምም በቁመትም ይቁጠሩ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም። በ1 ሴንቲ ሜትር 5 ካሬ የሚወጣ ከሆነ አንዱ ዳይመንድ 4.8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በጠረጴዛ ልብሱ ሁለት ማዕዘኖች መካከል ያለው ርዝመት 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 450 ካሬ ማለት ነው፤ 450 ለ24 ሲካፈል 18.75 ይመጣል። ዳይመንዱ በሦስት አራተኛው ላይ እንዳይቆረጥ በየዳይመንዱ መካከል አንድ ባዶ ካሬ ይጨምሩ፤ ክፍሉ 25 ካሬ ሲሆን 18 ዳይመንድ በትክክል ይገባል። ማዕዘኑን ዳይመንዱን አጥፎ ለማዞር ከመታገል በአራቱም ጥግ ራሱን የቻለ 12 በ12 የሆነ ካሬ ማስቀመጥ ነገሩን ያቀልላል።

ቀለም ሲመርጡ ከፎቶው ላይ ሦስት ብቻ ይውሰዱ፦ አንድ ጥቁር ነክ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ፈዛዛ። የመረጧቸውን ክሮች ጎን ለጎን አድርገው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ያንሡ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከታዩ ከሩቅ ሲታዩም ይዋሃዳሉና አንዱን ይለውጡ።

5. መጥለፍ

በመጀመሪያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሦስት ዳይመንድ ብቻ ይጥለፉ። በዋናው ጨርቅ ላይ ደግሞ የየጎኑን መሃል በሌላ ቀለም ክር ምልክት አድርገው ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሂዱ፤ ከአንድ ጫፍ ከጀመሩ ትንሿ የቆጠራ ስሕተት ተጠራቅማ ማዕዘኑ ላይ ትወጣለች። 18 ተጋማሽ ቁጥር በመሆኑ መሃሉ የሚውለው በሁለት ዳይመንዶች መካከል ነው።

ክሩን ከ45 ሴንቲ ሜትር አያስበልጡ፤ ሲረዝም ይላላል፣ ይቋጠራልም። በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ሁለት አጋዳሚ ስፌቶች ይጠላለፋሉ፤ ከላይ የሚያልፈው ስፌት በሥራው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እንዲጋደም ይጠንቀቁ። አቅጣጫው ቢቀያየር ብርሃን በተለያየ መንገድ ስለሚያርፍበት አንድ ዓይነት ክር ሁለት ቀለም መስሎ ይታያል። በጀርባ በኩል ክሩን አይቋጥሩ፤ ጫፉን ከአራት ወይም ከአምስት ስፌቶች ሥር አሳልፈው ይቁረጡት። ቀይና ጥቁር ክር ቀለም ሊለቅ ስለሚችል አስቀድሞ ረጠብ ባለ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ መጫንና መሞከር ይገባል። ሥራው ሲያልቅ በፎጣ ላይ ገልብጠው ከጀርባው ይተኩሱት፤ ጥልፉ አይደፈጠጥም።

6. ያው ፍሬ በስፌት ሥራ ላይ

ከግርጌ የተነሣው ፎቶ ለሰፌድና ለመሶብ ክዳን ነው። እዚህ ላይ ከጨርቅ የሚለይ አንድ ነገር አለ፦ ጨርቁ ስፋቱ አንድ ሲሆን ሰፌድ ከእምብርቱ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል። ተጠቅልሎ የሚሰፋው የሣር እጥፍ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው እያንዳንዱ ዙር ከቀዳሚው በግምት 3.8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ዙሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ ጭማሪው አይለወጥም። ስለዚህ የጥለቱን ቁጥር ጠብቆ እያንዳንዱን ማስፋት ነው የሚያዋጣው።

ከ8 እና ከ13 መካከል 8ን ይምረጡ። ክብ ወረቀት ሦስት ጊዜ ቢታጠፍ 8 እኩል ክፍል ይሰጣል፤ 13 ግን በማጠፍ አይገኝም። ሰፌዱ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲኖረው ዙሪያው 31.4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል 3.9 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ደግሞ 11.8። የታጠፈውን ወረቀት በሰፌዱ ላይ አስቀምጠው ስምንቱን ቦታዎች በክር ያመልክቱ። ከዚያ በየዙሩ ቀለም የተነከረውን አለላ ከሥሩ ካለው ቀለም አንድ ስፌት ወደ ፊት እያስቀደሙ ይስፉ፤ ስምንቱ ረድፎች በራሳቸው ይጠመዘዛሉ። ሁለት ስፌት ካስቀደሙ ጥምዝምዙ ይፈጥናል። ወስፌው የሚወጋበት ርቀት እኩል ካልሆነ ግን ጥምዝምዙ ይንሻፈፋል፤ ስለዚህ በየሁለትና ሦስት ዙሩ ወረቀቱን መልሶ አስቀምጦ ማስተያየት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አቅጣጫ አጠላልፎ መስፋት የሚቻል ቢሆንም እጁ ለተፈታ ሰፊ ነው።

7. ለሸማኔ ማዘዝ ለሚፈልግ

ጥለቱን በቀሚስ ወይም በነጠላ ጥበብ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ሽሮ ሜዳ ወይም ሌላ ቦታ ላለ ሸማኔ ፎቶውን ይዞ መሄድ የለበትም፤ የካሬ ወረቀቱን ይውሰድ። ከዚያ በፊት ግን የጥበቡ ስፋት ስንት እንደሚሆንና በዚያ ስፋት ውስጥ ስንት የድር ክር እንደሚገባ ሸማኔውን ጠይቆ የወረቀቱን ካሬ በዚያ ልክ ማውጣት ይኖርበታል። አንድ ክፍል ተሠርቶ እንዲታይ፣ ለሙከራዋም የተለየ ዋጋ እንዲከፈል መስማማት ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ሸማኔው «ይህን መስመር በዚህ ብለውጠውስ?» ካለ ይስሙት፤ የትኛው ረጅም ማግ ሳይያዝ ተንጠልጥሎ በጥፍርና በቀለበት እንደሚመዘዝ የሚያውቀው እሱ ነው።